ኤቤትስ ፊልድ ምንድን ነው?

ኤቤትስ ፊልድ የብሩክሊን ዶጀርስ ቤዝቦል ቡድን ከ1913 እስከ 1957 እ.ኤ.አ. የተጫወተበት የኒው ዮርክ ስታዲየም ነበር። ስሙ ያሠራው የቻርልስ ኤቤትስ ነው። ሰውየው በ1883 ቡድኑ ሲቀጥረው ሥራው ትኬት መሸጥና ሒሳብ መያዝ ነበር። ጎን ለጎን ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ በ1896 የኒው ዮርክ ግዛት ምክር ቤት አባል ሆነ፤ በከተማው ምክር ቤትም አገልግሏል። በ1898 የቡድኑን ፕሬዚዳንትነት ያዘ፤ አክሲዮኑንም ቀስ በቀስ እየሰበሰበ ባለቤት ሆነ።

ስታዲየሙ የተሠራበት ቦታ ፒግታውን የሚባል፣ ቆሻሻ የሚደፋበትና ደሳሳ ጎጆዎች የሞሉት ሰፈር ነበር። መሬቱ ርካሽ ነው፤ ስታዲየም ሊሠራበት መሆኑ ከተወራ ግን ዋጋው ሰማይ ይነካል። ስለዚህ ኤቤትስ በሌላ ስም ኩባንያ አቋቁሞ ከ1908 ጀምሮ አንድ በአንድ፣ ድምፁን አጥፍቶ ገዛው። ዕቅዱን በይፋ የተናገረው መሬቱ እጁ ከገባ በኋላ ነው። ግንባታው በማርች 1912 ተጀመረ፤ ወጪው 750 ሺህ ዶላር ገደማ ስለደረሰ ገንዘብ አጠረው። የቡድኑን ግማሽ ለማክኪቨር ወንድማማቾች ሸጦ ጨረሰው፤ ሁለቱም የሥራ ተቋራጮች ስለነበሩ ለግንባታው የሚመቹ ሸሪኮች ነበሩ።

መለያው መግቢያው ነበር፦ ወለሉ እምነ በረድ የሆነ ክብ አዳራሽ፣ ከላይ ክንዶቹ እንደ ቤዝቦል ዱላ፣ አምፖሎቹ እንደ ኳስ የተሠሩ የጣሪያ መብራት። ያማረው ሁሉ ግን አይመችም። ትኬት የሚገዛውም የሚገባውም እዚያው ስለሚገናኝ ሰው ይጨናነቅ ነበር። በመክፈቻው ሰሞን ደግሞ ለጋዜጠኞች መቀመጫ አለመሠራቱ ታወቀ!

ከሁሉ የከፋው የቦታው ጥበት ነው። ስታዲየሙ በአራት መንገዶች መካከል ስለታጠረ፣ በቀኝ በኩል ቤድፎርድ ጎዳና ኳስ ከሚመታበት ቦታ 300 ጫማ ገደማ ላይ ሜዳውን ቆርጦታል። ለዚህም ነው በዚያ በኩል ከፍ ያለ ግንብና መረብ የቆመው። ተመልካቹ በከተማ ባቡር ይመጣ በነበረበት ዘመን የመኪና ማቆሚያ አላሳሰበም፤ በ1950ዎቹ ግን ለመኪናም፣ ወንበር ለመጨመርም ቦታ አልነበረም። የጊዜው ባለቤት ዋልተር ኦማሊ አትላንቲክና ፍላትቡሽ ጎዳናዎች የሚገናኙበትን ቦታ ለአዲስ ስታዲየም ፈለገ። የከተማው ግንባታ በእጁ የነበረው ሮበርት ሞሰስ አልፈቀደም፤ ቡድኑም ለ1958 ውድድር ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ።