ፔት ስካን ላይ የበራው ሁሉ በሽታ አይደለም፦ ስለ ቡናማ ስብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በሱሉልታም ሆነ በለገጣፎ፣ በሰበታም ሆነ በኮዬ ፈጬ፣ ዘመድ በካንሰር ሲታመም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። ዕቁብ ይወጣል፣ መኪና ይሸጣል፣ የቻለ ሰው ታማሚውን ወደ ህንድ፣ ወደ ቱርክ ወይም ወደ ናይሮቢ ይልካል። እዚያ ፔት ሲቲ የሚባለውን ምርመራ ይነሳል። ምስሉም ሐኪም ሳያብራራው በቴሌግራም ቤተሰብ ጋ ይደርሳል። አንገቱና ትከሻው አካባቢ ቀይና ቢጫ ያበራል። ቤቱ በለቅሶ ይሞላል።

ያ ብርሃን አንዳንዴ በሽታ አይደለም። ሰውነት ራሱን ሲያሞቅ የታየ ነው። ሙቀቱን የሚያመነጨው ቡናማ ስብ ይባላል። ስለ እሱ በየቤቱ የሚነገሩ ስህተቶች ሰውን በከንቱ ስለሚያስጨንቁ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ፔት ላይ ያበራ ሁሉ ካንሰር ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ማሽኑ ካንሰርን ከሌላው ለይቶ አያውቅም። ታማሚው በደም ሥሩ የሚወጋው ኤፍዲጂ የሚባል፣ ከስኳር ጋር የሚመሳሰል መድኃኒት ነው። ፍሎሪን 18 የተባለ ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር ተያይዞበታል፤ የጨረሩ ኃይል በ110 ደቂቃ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ምስሉ የሚያሳየው ይህን ስኳር መሰል ነገር በብዛት የወሰደው የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሆነ ነው። ብዙ የካንሰር ዓይነቶች ስኳር በብዛት ስለሚወስዱ ያበራሉ። አንጎልም ያበራል። የተቆጣ ቁስልም ያበራል። ቡናማ ስብም እንደዚሁ።

ነጩ ስብ ጉልበት ያጠራቅማል፤ ቡናማው ያቃጥላል። ቀለሙን ያገኘው ውስጡ ከታጨቁት ሚቶኮንድሪያ ከሚባሉ የሴል ጉልበት ማመንጫዎች ነው፤ እነሱ ብረት አላቸው። ሲበርደን ከአንጎል በነርቭ በኩል ትእዛዝ ይደርሰዋል። ያኔ ስብና ስኳር እያቃጠለ ሙቀት ያወጣል። ልክ በዚያ ሰዓት ኤፍዲጂ ከተወጋን እሱንም ይወስደዋል።

አስቸጋሪው ነገር ቦታው ነው። ቡናማ ስብ የሚገኘው አንገት ላይ፣ ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ ባለው ጎድጓዳ ቦታ፣ በአከርካሪ ግራና ቀኝ እና ከኩላሊት በላይ ነው። ሊምፎማ የሚባለው የሊምፍ ካንሰርም ሆነ የተሰራጨ የጡት ካንሰር የሚገባባቸው የሊምፍ ዕጢዎች፣ ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸው፣ ከእነዚህ ቦታዎች ብዙዎቹ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ሐኪሙ የፔቱን ምስል የአካሉን ቅርጽ ከሚያሳየው ከሲቲው ምስል ጋር ያመሳክራል። ብርሃኑ ያረፈው ዕጢ ላይ ነው ወይስ ስብ ላይ? ቡናማ ስብ ብዙውን ጊዜ ግራና ቀኙን እኩል ያበራል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በስልክ የተላከች አንዲት ቀይ ፎቶ ይሄን አታሳይም። እባካችሁ፣ እሷን አይታችሁ ለማንም አታርዱ።

«ቡናማ ስብ ያለው ሕፃን ብቻ ነው»

አራስ ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ተንቀጥቅጦ መሞቅ ስለማይችል በቡናማ ስብ ይሞቃል፤ ይህ እውነት ነው። ትልቅ ሰው ላይ ግን ጠፍቶ አያልቅም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2009 በአሜሪካ ቦስተን የ1,972 ሰዎች ፔት ስካን ታይቶ በሴቶቹ 7.5 በመቶ፣ በወንዶቹ 3.1 በመቶ ላይ የሚሠራ ቡናማ ስብ ተገኘ። በዚያው ዓመት ኔዘርላንድስ ውስጥ 24 ጤነኛ ወንዶችን በ16 ዲግሪ ቅዝቃዜ አስቀምጠው ሲያነሷቸው በ23ቱ ላይ ታየ። ብርድ ምን ያህል እንደሚለውጠው ከዚህ ይታያል።

«እኛ ብርድ ለምደናል፣ አይነካንም»

ሱሉልታ ከመሐል ከተማው ከፍ ይላል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ምን እንደሆነ የሱሉልታ ሰው ያውቀዋል፤ በጠዋት አንዲት ሹራብ ደርቦ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆምም አለ። መልመዱ እውነት ነው። ግን ለምዷል ማለት ቡናማ ስቡ ተኝቷል ማለት አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ2013 በወጣ አንድ ጥናት ሰዎች ለ10 ቀናት፣ በቀን 6 ሰዓት፣ ከ15 እስከ 16 ዲግሪ ባለ ክፍል ውስጥ እንዲቆዩ ተደረገ። በመጨረሻ መንቀጥቀጣቸው ቀነሰ፣ ብርዱም ቀለላቸው። ቡናማ ስባቸው ግን ከበፊቱ ይበልጥ ይሠራ ነበር። «አይበርደኝም» የሚለው ሰው እንግዲህ ይበልጥ ሊያበራ ይችላል።

ቤቶቻችን ማሞቂያ የላቸውም። ህንድም ሁሌ ሞቃት አይደለችም፤ ዴልሂ በፈረንጆቹ ታኅሣሥና ጥር በደንብ ትቀዘቅዛለች። የሆስፒታል መጠበቂያ ክፍሎች ደግሞ በአየር ማቀዝቀዣ ሊበርዱ ይችላሉ። ስለዚህ ታማሚው ከቀደመው ቀን ጀምሮ ይሙቀው። ጋቢ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ሹራብ ይያዝ። ከመርፌው በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት፣ 24 ዲግሪ ገደማ በሆነ ክፍል ውስጥ ተሸፍኖ ይቆይ። ከመርፌው በኋላም እስኪነሳ ድረስ እንደተሸፈነ ይሁን። ሙቀቱ መቅደም አለበት፤ ከተወጉ በኋላ ብቻ መሸፋፈን አይበቃም፣ ስቡ መውሰድ ጀምሯልና።

የኛ ታማሚዎች ይሉኝታ ያጠቃቸዋል። በሰው አገር ብርድ ልብስ መጠየቅ ማስቸገር ይመስላቸዋል። አስታማሚው ይጠይቅላቸው። የምርመራው አካል ነው እንጂ ቅንጦት አይደለም።

«ወፍራም ሰው ላይ ነው የሚበዛው»

ተቃራኒው ነው። በብዛት የሚታየው በቀጭኖች፣ በወጣቶችና በሴቶች ላይ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይቀንሳል። ስለዚህ በተለይ ለሊምፎማ የምትመረመር ቀጭን ወጣት ሴት ብርድን አጥብቃ ትጠንቀቅ።

«ጾመኛ ስለሆንኩ ዝግጁ ነኝ»

የፔት ጾምና የቤተ ክርስቲያን ጾም ይለያያሉ። ለፔት አብዛኛውን ጊዜ ከመርፌው በፊት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ምንም አይበላም፤ ውሃ ግን ይጠጣል። አንዳንድ ማዕከሎች ቡናማውን ስብ ለማረጋጋት በዋዜማው ስብ የበዛበት፣ ስኳርና እህል ያነሰበት ምግብ ያዛሉ። ለዚያ እንጀራ በሽሮ፣ ዳቦ ወይም ድንች አይሆንም። በጾም ወቅት ከሆነ አቮካዶና ለውዝ ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የራሱ መመሪያ አለው፤ በግምት አይጹም።

ቡናም ይቆይ፣ ስኳር ባይኖረውም። ካፌይን፣ ሲጋራ ውስጥ ያለው ኒኮቲን እና ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ያንኑ ቡናማ ስብን የሚያዝዘውን የነርቭ ሥርዓት ይቀሰቅሳሉ። የሚቅም ሰው አፍሮ ከሚደብቅ ለሐኪሙ ቢናገር ይሻላል።

«ፕሮፕራኖሎል የምትባል ኪኒን ውጡ፣ ታጠፋዋለች»

ኪኒኗ እውነት ናት። ነርቩ የሚያመጣውን ትእዛዝ ስለምታግድ የቡናማውን ስብ ሥራ ትቀንሳለች። አንዳንድ ሐኪሞች ከመርፌው በፊት ይሰጧታል። ግን አስም ላለበት ሰው ትንፋሹን ልትዘጋበት ትችላለች፤ የልብ ምቱ ቀርፋፋ የሆነውንም ትጎዳለች። ከጎረቤት ተቀብሎ የሚዋጥ ነገር አይደለም። ለልብ ወይም ለግፊት የሚወስዳትም ሰው ለምርመራው ብሎ በራሱ ድንገት ማቆም የለበትም።

«ቡናማ ስብ ነው ከተባለ አለቀ»

ቡናማ ስብ ራሱ ሕክምና አይፈልግም። ሆኖም ብርሃኑ ከበረታ አጠገቡ ያለውን ትንሽ የታመመ ዕጢ ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙን «ያ ቦታ በደንብ ተነቧል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥርጣሬ ካለ ታማሚውን አሙቆ መድገም ይቻላል።

አልፎ አልፎ ደግሞ ከኩላሊት በላይ ባለው ዕጢ ላይ የሚወጣ እብጠት ሆርሞን እየረጨ ቡናማውን ስብ በመላ ሰውነት ይቀሰቅሰዋል። ከባድ የደም ግፊት፣ ላብና የልብ ምት መፍጠን ያለበት ሰው ይህን ሳይናገር አይለፍ።

ሁለት ምርመራ ሲወዳደርም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በብርድ፣ ሁለተኛው በሙቀት ተነስቶ ከሆነ የጠፋውን ብርሃን ሁሉ መድኃኒቱ አጠፋው ማለት አይቻልም። በተገላቢጦሽ ከሆነም አዲስ የበራው ተሰራጨ ማለት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ወደ አገር ስትመለሱ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን የፔቱንና የሲቲውን ሙሉ ምስል የያዘውን ሲዲ ተቀብላችሁ ኑ። የሲዲው ማቀፊያ ላይ ቀኑን፣ ታማሚው በርዶት እንደነበረና በዚያ ቀን የወሰደውን መድኃኒት ጻፉበት።