ክሮም አይዝግም፣ የዛገው ሌላ ነው

አጎቴ ከጀርመን ሲመለስ ለልጆቹ ያመጣት አንዲት ትንሽ የእንፋሎት ሞተር አለች። ዊሌስኮ ናት። ፋብሪካው ሉደንሻይድ የሚባል የጀርመን ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1912 ተቋቋመ፤ እንዲህ ያሉ ሞተሮችን መሥራት የጀመረው ግን በ1950 ነው። አሻንጉሊት ትባል እንጂ ሥራዋ የእውነት ነው። ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ፒስቶኑን ይገፋል፣ ጎማዋ ይሽከረከራል። ደሴ ሆጤ ካለው ቤት ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ በፌስታል ተጠቅልላ ስንት ክረምት እንዳሳለፈች አላህ ይወቀው።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ስትወርድ፣ ብልጭ ይሉ የነበሩት ዕቃዎቿ በሙሉ ቡናማ ነጠብጣብ ወሯቸዋል። ይሄኔ ምክር ጎረፈ። አንዱ ሎሚ አለ፣ አንዱ ኮካ፣ አንዱ በረኪና። እኔ ኮምቦልቻ ላይ የድሮ ሳይክልና የስፌት መኪና ዕቃ ሳጸዳ ብዙ ጊዜ ስለኖርኩ፣ ከምክሮቹ አብዛኛውን ሞክሬያቸዋለሁ፤ ዕቃም አበላሽቼባቸዋለሁ። እስቲ በየተራ እንያቸው።

«ክሮሙ ዝጓል»

አልዛገም። ክሮም ቀይ ዝገት የለውም። የዛገው ከሥሩ ያለው ብረት ነው። ለውበት የሚለበጥ ክሮም ብዙ ጊዜ ከግማሽ ማይክሮን አይበልጥም፤ የሰው ጸጉር 70 ማይክሮን አካባቢ እንደሆነ አስቡና አወዳድሩት። ከክሮሙ ሥር ወፈር ያለ የኒኬል ልባጥ አለ፣ ከዚያ ብረቱ። ልባጡ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎችና ስንጥቆች አሉ። እርጥበት በእነሱ ገብቶ ብረቱን ያገኘዋል፣ ዝገቱም እንደ ትኋን ከስንጥቁ ብቅ ይላል። እላይ የምታዩት ቡናማ ነገር ከታች ወጥቶ ክሮሙ ላይ የተኛ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ክሮሙ ከሥሩ ደህና ሆኖ ይገኛል፤ አብሽሩ። ልባጡ አረፋ ሠርቶ የተነሳበት ወይም የተላጠበት ቦታ ግን አለቀ፣ በማሸት አይመለስም።

«የሚያበራ ሁሉ ክሮም ነው»

ይሄ ብዙ ሰው ያሳስታል። የክሮም ልባጥ በንግድ ደረጃ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ አጋማሽ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ዕቃ ላይ የሚያበራው ኒኬል ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ብዙ የአሻንጉሊት ሞተሮች በኒኬል ተለብጠዋል። መለየቱ ቀላል ነው፤ ዕቃውን ከአዲስ የውሃ ቧንቧ ጎን አስቀምጡት። ቧንቧው ክሮም ነው፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ኒኬል ከጎኑ ሲቀመጥ ሞቅ ያለ፣ ቢጫ ቢጤ ይመስላል። ማግኔትም ይዛችሁ ሞክሩ። አጥብቆ ከያዘ ሥሩ ብረት ነው። ካልያዘ ነሐስ ሊሆን ይችላል፤ ነሐስ ደግሞ አረንጓዴ ይላል እንጂ ቀይ ዝገት አያወጣም። ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ኒኬል ከክሮም በጣም ስለሚለሰልስ ነው። ክሮም የሚችለውን ፍትጊያ ኒኬል አይችልም።

«በረኪና ወይም የሽንት ቤት አሲድ ጠራርጎ ያወጣዋል»

ጠራርጎ ማውጣቱንስ ያወጣዋል! የዛሬ ስንት ዓመት አንድ የሳይክል መሪ የሽንት ቤት አሲድ ውስጥ ነክሬ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ። ስመለስ ዝገቱም የለም፣ ክሮሙም የለም። የቀረው ግራጫ የፈዘዘ ብረት ነበር፣ እሱም በማግስቱ ብርቱካናማ ሆኖ አደረ። የሽንት ቤት አሲድ ውስጥ ያለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ክሮምን ያሟሟል። በረኪና ደግሞ ዝገት አይበላም፣ ጭራሽ ብረትን ያዝጋል። ሁለቱን መቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው። በፍጹም እንዳትሞክሩት።

«ሎሚ፣ አቼቶ፣ ኮካ ምንም አይጎዱም»

ቀለል ያለ ዝገት ላይ ይሠራሉ፤ ኮካም ፎስፎሪክ አሲድ ስላለው ነው የሚሠራው። ችግሩ ማሳደሩ ነው። የነሐስ ዕቃ ሎሚ ውስጥ ካደረ ዚንኩ ከላዩ ተበልቶ መዳቡ ይቀርና ወደ ሮዝ ይለወጣል። ለአምስት፣ ለአሥር ደቂቃ በጨርቅ ነክራችሁ ያዙት፣ በውሃ አጥቡት፣ ወዲያው አድርቁት። ኮካው ስኳሩ ስለሚያጣብቅ እኔ አልወደውም። ጠጡት።

«ፎይል ተረት ነው»

በአሉሚኒየም ፎይል ማሸት ግን የእውነት ይሠራል፤ ሰው የማያምነው በጣም ርካሽ ስለሆነ ይመስለኛል። አሉሚኒየም ከክሮም በብዙ እጥፍ ይለሰልሳል፣ ስለዚህ በደህና ክሮም ላይ ሲታሽ ራሱ ያልቃል እንጂ ክሮሙን እንደ ሽቦ አይቧጭርም። የአጎቴን ሞተር ጭስ ማውጫ እንዲህ ነው የሠራሁት። መጀመሪያ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ አቧራውን አነሳሁ፤ አሸዋ ከቀረ የሚቧጭረው እሱ ነው። ከዚያ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ፎይል ቆርጬ አጣጠፍኩ፣ ሁለት ጠብታ ውሃ ጨመርኩበት፣ ሳልጫን በትንሽ በትንሹ አሸሁት። ትንሽ ቆይቶ ጥቁር ግራጫ ጭቃ ይሠራል፣ የብረት ሽታም ይሸታል። ያን በጨርቅ ትጠርጉታላችሁ፣ ፎይሉን ትቀይራላችሁ፣ ትደግማላችሁ። በሦስተኛው ዙር ፊቴን አየሁበት። ጤፍ የምታክል ጥቁር ጉድጓድ እዚህም እዚያም ቀርታለች። እሷ ከሥር ነው የመጣችው፣ ፎይል አይደርስባትም።

ኒኬል ላይ ግን ፎይል አልጠቀምም። እዚያ የስፌት መኪና ዘይት ቀብቼ አሳድርና በለስላሳ ጨርቅ ነው የማሸው። ቀስ ይላል፤ ግን ልባጡን አይጨርሰውም።

«ብርጭቆ ወረቀትና የድስት ሽቦ ያፈጥናል»

አዎ፣ ጥፋቱን ያፈጥናል። ግማሽ ማይክሮን ስንት ፍትጊያ ይችላል?

«ሲልቨር ቀለም ብንነፋው አዲስ ይሆናል»

የሲልቨር ቀለም ክሮም አይመስልም፤ ቀለም ነው የሚመስለው። እሳት አጠገብ ያለ ክፍል ላይ ደግሞ ያጨሳል፣ ይላጣል።

«ቤት ውስጥ እንደገና ክሮም እንለብጠው»

የክሮም መለበጫ ገንዳ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ሄክሳቫለንት ክሮሚየም ነው፤ ካንሰር ያመጣል። ጓሮ ውስጥ የሚሠራ ሥራ አይደለም። በዚያ ላይ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች የመጀመሪያውን ልባጥ፣ ነጠብጣብ ቢኖርበትም፣ ከአዲሱ አስበልጠው የሚወዱበት ጊዜ ብዙ ነው።

«ደብሊው ዲ 40 ዝገት ይበላል»

ይሄ የሚረጭ ዘይት እ.ኤ.አ. በ1953 የተሠራው ውሃ ለማባረር ነው፤ ስሙም (ዋተር ዲስፕሌስመንት) እሱን ነው የሚለው። የተያዘ ብሎን ያላላል፣ እርጥበት ያስወጣል። የሚተወው ግን ስስ ሽፋን ነው፤ የደሴን ሐምሌ አይሻገርም። ዕቃው ከጸዳ በኋላ የመኪና ሰም ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፤ ከሌለ ቫዝሊንም ይሆናል።

«በፌስታል ከተጠቀለለ እርጥበት አያገኘውም»

የአጎቴን ሞተር የጨረሳት ይሄ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ የቤቱ አየርም ይረጥባል። ፌስታል ውስጥ የታሰረው እርጥበት ማታ ሲቀዘቅዝ ብረቱ ላይ ጤዛ ይሠራል፣ መውጫም የለው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ብትገቡ ሙቀቱ ይጨምራል እንጂ ፌስታሉ ያው ፌስታል ነው። በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡ። አዲስ ጫማ ውስጥ የሚገኙትን «አትብሉ» የሚሉ ትናንሽ ከረጢቶችም አትጣሏቸው፣ እዚያ ጨምሯቸው።

«ካበራች ትሠራለች»

ብልጭታ ስለ ቦይለሩ፣ ማለትም ውሃው ስለሚፈላበት ጋን፣ ምንም አይናገርም። እሳት ከመለኮሳችሁ በፊት ሴፍቲ ቫልቩ፣ ማለትም ትርፍ እንፋሎት የሚያስወጣው ክዳን፣ መንቀሳቀሱን እዩ። ከተጣበቀ አትለኩሱ። ያለ ውሃም በፍጹም አታንድዱ። ቦይለሩ በስታኞ የተያያዘ ከሆነ፣ ተራ ስታኞ 190 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል፤ ውሃ እስካለ ብረቱ ያን ያህል አይግልም፣ ውሃው ሲያልቅ ግን ጊዜ አይሰጥም። የዝናብ ውሃ ወይም የባትሪ ውሃ (የተጣራውን ውሃ እንጂ አሲዱን አይደለም) ተጠቀሙ፤ የቧንቧ ውሃ ውስጡን ነጭ ቅርፊት ያስይዘዋል።

አጎቴ ደግሞ የራሱ አለው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ስለዚህ ሞተሯ እዚህ ከጀርመን የበለጠ ጉልበት አላት ይላል። መፍላቱስ እውነት ነው። ግን ቦይለሩ ዝግ ነው፤ መፍላት ትንሽ ቀደም ብሎ ይጀምራል እንጂ ቫልቩ የሚከፈተው በውስጡና በውጭው ግፊት ልዩነት ነው፣ ልዩነቱ ደግሞ ሉደንሻይድም ደሴም አንድ ነው። ባለፈው እሑድ ለኩሰናት ጎማዋ መዞር ስትጀምር ይሄንኑ አስረዳሁት። «አየሃት? ጀርመን እያለች እንዲህ አትሮጥም ነበር» አለኝ።