የእንቅልፍ አፕኒያ ምንድን ነው? «ትንፋሽ ማቆም» የሚለው አባባል የሚሸፍነው ነገር

«አፕኒያ» ከግሪክኛ የተወረሰ ቃል ሲሆን ትርጉሙ «ትንፋሽ አልባነት» ነው። በአማርኛ «በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ ማቆም» እያልን ስንጽፈው ቆይተናል፤ እኔም ብዙ ጊዜ ሳልከራከር አልፌዋለሁ። ሰሞኑን ግን ዳውን ሲንድሮም (ከአንድ ተጨማሪ ክሮሞሶም ጋር ሲወለዱ የሚመጣ ሁኔታ) ላለባት የሦስት ዓመት ልጅ እናት አንድ አስተያየት ሰጪ «ሌሊት ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ካየሽ ትንፋሿ አልቆመም ማለት ነው፤ አፕኒያ የለባትም፤ ተረጋጊ» ብሎ የመለሰላትን አነበብኩ። ምክሩ በቅንነት እንደተሰጠ አልጠራጠርም። ሆኖም በእነዚህ ልጆች ላይ በብዛት የሚገኘው የአፕኒያ ዓይነት ዋና መለያው ደረት እየተንቀሳቀሰ አየር አለማለፉ ስለሆነ፣ እናቲቱ እንድትረጋጋበት የተነገራት ነገር በጥንቃቄ ልታስተውለው የሚገባት ምልክት ነበር።

ነገሩን ለማስረዳት ወናፍ ይረዳኛል። ሳንባን እንደ ወናፍ፣ ድያፍራምን (ደረትን ከሆድ የሚለየውን ጡንቻ) እና የደረት ጡንቻዎችን ወናፉን እንደሚያንቀሳቅሰው የአንጥረኛ እጅ እንውሰድ፤ አየር የሚገባበት ቱቦ ግን ከብረት ሳይሆን ከለፋ ቆዳ የተሠራ ይሁን። ወናፉ አየር ሲስብ ለስላሳው ቱቦ ወደ ውስጥ ተስቦ ግድግዳው ይገጥማል፤ አንጥረኛው አየር ባጣ ቁጥር አጥብቆ ይስባል፤ አጥብቆ በሳበ ቁጥር ደግሞ ቱቦው የባሰ ይጣበቃል። እጁ አላረፈም፤ እንዲያውም አብዝቶ የሚለፋው በዚያች ቅጽበት ነው። «ትንፋሽ ማቆም» የሚለው አባባል በትክክል የሚስማማው እጁ ራሱ ሥራ ሲያቆም፣ ማለትም ከአንጎል የሚመጣው ትእዛዝ ለጊዜው ሲቋረጥ ነው። ያ ማዕከላዊ አፕኒያ ይባላል፤ ይህና ቱቦው ሲዘጋ የሚከሰተው አፕኒያ በአንድ ልጅ ላይ አብረው ሊገኙ ቢችሉም መነሻቸውም ሕክምናቸውም የተለያየ ነው። ምሳሌው የማይደርስበት ቦታም አለ፦ ወናፍ አይነቃም፤ የልጅ አንጎል ግን ኦክስጅን ሲያንስና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠራቀም ለአፍታ ባንኖ የጉሮሮን ጡንቻዎች ያጠነክራል፣ ቱቦውም ይከፈታል። ልጅቷ ታቃስታለች፣ ትገላበጣለች፣ መልሳም ታንቀላፋለች፤ ይህ ሲደጋገም ዐይኗን አንድ ጊዜ እንኳ ሳትገልጥ እንቅልፏ ተቆራርጦ ያድራል።

ከጠቅላላው ሕፃናት የእንቅልፍ አፕኒያ ያለባቸው ከ100 ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት ሲሆኑ፣ ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ሕፃናት ግን ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምክንያት «ምላሳቸው ትልቅ ስለሆነ» የሚል ነው፤ ይህም መታረም አለበት። የምላሱ መጠን በአብዛኛው እንደማንኛውም ልጅ ነው፤ የመሐል ፊት አጥንቶች በስፋት ስላላደጉ የጠበበው ምላሱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በዚህ ላይ የጡንቻ መላላት አለ፤ ቆዳው ከመጀመሪያውም የለፋ ነው ማለት ነው። ቶንሲልና አዴኖይድ (ከአፍንጫ በስተኋላ ያለው ቶንሲል መሰል ሥጋ) ሲያብጡ ደግሞ በጠባቡ ቱቦ ውስጥ ጨርቅ እንደተወተፈ ይሆናል። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስና የክብደት መጨመር ነገሩን ያባብሱታል፤ ስለዚህ የታይሮይድ ምርመራን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ ግን «የዳውን ልጆች አተኛኛታቸው እንዲህ ነው» የሚለው አነጋገር ነው። ሊነጋጋ ሲል ወደ ልጅቷ አልጋ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ፣ ከወገቧ እጥፍ ብላ፣ ግንባሯን ፍራሹ ላይ ደፍታ ታገኟት ይሆናል። ሰውነቷ በራሱ የደረሰበት መላ ነው፤ እንዲያ ስትታጠፍ ምላሷ ወደ ፊት ስለሚወድቅ ጉሮሮዋ ትንሽ ይከፈታል። ሌላዋ አንገቷን ወደ ኋላ ቀልብሳ ትተኛለች። ጠጉሯ በላብ ርሷል፤ ሆዷ ሲነፋ ከደረቷ መሐል ያለው አጥንት ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ማንኮራፋቷ ድንገት ጸጥ ይላል፣ ሆዷ ግን መንቀሳቀሱን አላቆመም። በሩ ላይ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው «አሁን ደኅና ተኛች» የሚለው በዚህ ጸጥታ ነው። ጡንቻ ይበልጥ የሚላላበት የሕልም እንቅልፍ የሚበዛው በሌሊቱ መጨረሻ በመሆኑ፣ ወላጅ ከመተኛቱ በፊት ጎብኝቶ ያየው እንቅልፍ ሰላማዊ መሆኑ ብዙ አያስረዳም።

ቀን ላይ ደግሞ ሕፃን ብዙ ጊዜ እንደ አዋቂ አያንጎላጅም፤ ይቅበጠበጣል፣ ይነጫነጫል፣ ትኩረቱ ይበተናል፤ ይህም ሁሉ በዳውን ሲንድሮም ይመካኛል። ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ ከልብ ሕመም ጋር ይወለዳሉ፤ በዚያ ላይ ሌሊት ሌሊት የሚደጋገም የኦክስጅን ማነስ በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ያለውን ግፊት ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

የወላጅ ምልከታ ከምርመራው ውጤት ጋር ብዙ ጊዜ ስለማይገጥም፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ ሁሉ ምልክት ባይታይበትም እንኳ በ3 እና በ4 ዓመት ዕድሜው መካከል የሌሊት እንቅልፍ ምርመራ (ተኝቶ ሳለ ትንፋሹና ኦክስጅኑ የሚለካበት) እንዲደረግለት ይመክራል። ውጤቱን ስታነቡ የአዋቂ መለኪያ እንዳያሳስታችሁ። በአዋቂ ላይ በሰዓት ከ5 በታች የሆነ የትንፋሽ መስተጓጎል እንደ ጤናማ ይታያል፤ በሕፃን ላይ ግን 1 እንኳ ትኩረት ይሻል፣ ከ10 በላይ ሲሆን ከባድ ይባላል። ምርመራው በማይገኝበት ጣት ላይ የሚታሰር የኦክስጅን መለኪያ ሌሊቱን መጠቀም ይረዳል፤ ይሁን እንጂ መለኪያው ጉድለት ማሳየቱ ማስረጃ ሲሆን፣ አለማሳየቱ አፕኒያ የለም ለማለት አይበቃም። ደረትና ሆድ ተገልጦ፣ ድምፁ እየተሰማ፣ ወደ ንጋት የተቀረጸ የጥቂት ደቂቃ ቪዲዮም ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።

ሕክምናው በአብዛኛው የሚጀምረው ቶንሲልና አዴኖይድን በቀዶ ሕክምና በማውጣት ነው። የተወተፈው ጨርቅ ወጣ፤ ቆዳው ግን እንደለፋ ነው። ብዙዎቹን ልጆች ከቀዶ ሕክምናው በኋላም አፕኒያው ሙሉ በሙሉ ስለማይለቃቸው፣ ማንኮራፋቱ ቢቀንስም ምርመራው መደገም አለበት። የአንገት አከርካሪያቸው የላላ ሊሆን ስለሚችል በሰመመን ጊዜ ጥንቃቄ እንዲደረግ ለቀዶ ሕክምናው ቡድን ማስታወስ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ልጁ ሆስፒታል አድሮ ትንፋሹ እንዲታይ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው። እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥ፤ ቱቦውን ይበልጥ ሊያላላው ይችላል።

አፕኒያው ካልለቀቀ ሲፓፕ የሚባለው መሣሪያ በጭንብል በኩል አየር እየገፋ ለስላሳውን ቱቦ ከውስጥ ወጥሮ ይይዘዋል። «የዳውን ልጅ ጭንብል አይቀበልም» የሚባለውን አልቀበልም፤ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል እንጂ ብዙዎች ይለምዱታል። ልምምዱ በቀን ይጀመር፦ መጀመሪያ ጭንብሉ የአሻንጉሊት ፊት ላይ፣ ቀጥሎ የእናት ፊት ላይ፣ ከዚያ ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ለአንድ ዘፈን ያህል የልጅቷ ፊት ላይ፣ በመጨረሻም አየሩ በዝቅተኛ ግፊት እየነፈሰ። ጠዋት ጠዋት በአፍንጫዋ ግንድና በጉንጮቿ ላይ የቀላ ምልክት መኖሩን ተመልከቱ፤ ፊቷ በማደግ ላይ ስለሆነ የጭንብሉ ልክም በየጊዜው መታየትና መቀየር አለበት።