እንደ ገመድ የተገመዱ ፕሮቲኖች፦ ጥምዘታቸው እንዴት ይለካል?

ለሀዋሳ ሰው የእንሰት ቃጫ ገመድ እንግዳ አይደለም። ቃጫው መጀመሪያ ለብቻው በአንድ አቅጣጫ ይከርራል። ከዚያ ሁለቱ ክሮች አንድ ላይ ሆነው በተቃራኒው አቅጣጫ ይገመዳሉ። ሲለቁት የማይፈታው ለዚህ ነው። በሰውነታችን ያሉ ብዙ ፕሮቲኖችም እንዲሁ የተገመዱ ናቸው። የጡንቻችን ማዮሲን ጭራ አንዱ ነው። የፀጉራችን ኬራቲንም ሌላው ነው፤ ሹሩባ ሠሪዋ የምትጎነጉነው ፀጉር ውስጡ ቀድሞውኑ የተገመደ ነው።

የፕሮቲኑ ክር አልፋ ሄሊክስ ይባላል፤ ወደ ቀኝ የሚዞር ጥምዝ ነው። ሊነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ ቅርጹን በ1951 እ.ኤ.አ. አሳወቁ። በአንድ ዙር 3.6 አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚሠራባቸው ቁራጮች) አሉት፤ ዙሩ 5.4 አንግስትሮም ይረዝማል። አንግስትሮም የሜትር አስር ቢሊዮንኛ ነው። የፀጉር ኤክስሬይ ያሳየው ግን 5.1 ገደማ ነበር። ፍራንሲስ ክሪክ ልዩነቱን ፈታው፦ ሄሊክሶቹ በ20 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብለው እርስ በርስ ይጠማዘዛሉ፤ የአንዱ ጉብታ የሌላው ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል።

ለምን ይጠማዘዛሉ? በእነዚህ ፕሮቲኖች የሰባት አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ይደጋገማል። አንደኛውና አራተኛው ውሃ ይሸሻሉ። ስለዚህ ውሃ የሚሸሹት ጎኖች ይገጣጠማሉ። ሰባቱ ሁለት ሙሉ ዙር፣ ማለትም 720 ዲግሪ ቢሞሉ ኖሮ ጎኑ ቀጥ ያለ መስመር ይሆን ነበር። እያንዳንዱ ግን 100 ዲግሪ ብቻ ስለሚዞር 700 ላይ ይቀራሉ። የጎደለችው 20 ዲግሪ መስመሩን ወደ ግራ ታዞረዋለች። ሄሊክሶቹም ላለመለያየት አብረው ወደ ግራ ይገመዳሉ። እኔን ሁሌም የምታስደንቀኝ ይህች ትንሽ ጉድለት ናት። በ11 የሚደጋገሙት ደግሞ በሦስት ዙር 1080 ሲበቃቸው 1100 ያገኛሉ፤ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ።

ለመለካት የአቶሞቹ አቀማመጥ ይወሰዳል። ከተከታታይ አልፋ ካርቦኖች (በየአሚኖ አሲዱ መሃል ካለው የካርቦን አቶም) የእያንዳንዱ ሄሊክስ መሃል መስመር ይሰላል። የሁለቱ መስመሮች አማካይ የገመዱ እምብርት ነው። ከእምብርቱ እስከ መስመሩ ያለው ርቀት ራዲየስ ይባላል። ገመዱ አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር የሚወስደው ርዝመት ደግሞ ፒች ነው። ጂሲኤን4 በተባለው የእርሾ ፕሮቲን ራዲየሱ 4.9፣ ፒቹ 148 አንግስትሮም ያህል ነው።

በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ትዊስተር የተባለ ፕሮግራም ይህን ቦታ በቦታ ይሠራል። ቦታ በቦታ መለካቱ ወሳኝ ይመስለኛል። የሰባቱ ድግግሞሽ በተቋረጠበት ጥምዘቱ ብዙ ጊዜ ይላላል፤ አማካይ ቁጥር ግን ይህን ይደብቃል። የጂሲኤን4 ቅርጽ በፕሮቲን ዳታ ባንክ በነጻ ይገኛል። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ ላፕቶፑ ላይ አውርዶ ራሱ ሊለካው ይችላል።