የተቆረጠ ነርቭ በረሃብ አይሞትም፦ ስለ ሳርም1 የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ነርቭ ሲቆረጥ ምግብ አጥቶ ይሞታል።»

ሳይንቲስቶችም ለረጅም ዘመን እንዲህ ያስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ግን አንድ የአይጥ ዝርያ ሁሉንም አስገረመ። የሌሎች አይጦች ነርቭ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ይበታተናል። የእነዚህ ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ሳይፈርስ ቆየ። ጉዳዩ ረሃብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄ ከየት ይመጣል? ነርቩን የሚያፈርሰው በውስጡ ያለ ነገር መሆን አለበት። በ2012 በፍራፍሬ ዝንብና በአይጥ ላይ በተሠራ ጥናት ተገኘ፦ ሳርም1 የተባለ ፕሮቲን ነው። በ2017 ደግሞ ራሱ ኢንዛይም መሆኑ ታወቀ። ሲነሳ ናድ (NAD) የተባለውን ሞለኪውል ይሰባብራል። ያለ ናድ ደግሞ ሴል ጉልበት አያገኝም።

«እንግዲያው ሳርም1 ሁልጊዜ ገዳይ ነው።»

በፍጹም። ጤናማ ነርቭ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። እንዳይነሳ የሚያደርገው ኤንኤምናት2 የሚባል ሌላ ኢንዛይም ነው። ይህኛው ኤንኤምኤን (NMN) የተባለውን የናድ ጥሬ ዕቃ ወደ ናድ ይቀይራል። ችግሩ ዕድሜው አጭር ነው፤ በሰዓታት ያልቃል። ስለዚህ ከሴሉ አካል ተነስቶ በረጅሙ የነርቭ ጭራ ያለማቋረጥ መላክ አለበት። መንገዱ ሲቋረጥ ኤንኤምኤን ይከማቻል፣ ናድ ይቀንሳል፣ ሳርም1 ይነሳል።

«ነርቬ ካልተቆረጠ እኔን አይመለከተኝም።»

ይመለከታል። ቪንክሪስቲንን የመሰሉ የካንሰር መድኃኒቶች ያንኑ መንገድ ያውካሉ። የብዙ ታካሚዎች እጅና እግር የሚደነዝዘው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ሳርም1 የሌላቸው አይጦች ላይ ይህ ጉዳት አልደረሰም። ሕክምና ላይ ያላችሁ፣ እባካችሁ መደንዘዙን «ያልፋል» ብላችሁ አትቻሉት። በጊዜ ከተነገረው ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ሊያስተካክል ይችላል።

«የኤንኤምኤን ክኒን ነርቭ ይጠግናል።»

ለእርጅና መከላከያ ተብሎ የሚሸጠው ማለት ነው። ክኒኑ ነርቭ ይገድላል አልልም፤ ጤናማ ነርቭ ወደ ናድ ይቀይረዋል። ነገር ግን በተጎዳ ነርቭ ውስጥ ሳርም1ን የሚቀሰቅሰው ይኸው ኤንኤምኤን ነው። ነርቩ የተጎዳ ሰው ሐኪም ሳያማክር መጀመር የለበትም።

«ሳርም1ን የሚያግድ መድኃኒት የሞተ ነርቭ ያስነሳል።»

አያስነሳም። ሊያተርፍ የሚችለው ገና ያልፈረሰውን ነው። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች በሰው ላይ መሞከር ጀምረዋል።