«ኤሮቢክ ግላይኮሊሲስ» በቲ ሴል ውስጥ ምን ማለት ነው?

ቲ ሴል በሽታን የሚከላከል ነጭ የደም ሴል ነው፤ ግላይኮሊሲስ ደግሞ ግሉኮስን (ስኳርን) የመሰባበር ሂደት ነው። «ኤሮቢክ ግላይኮሊሲስ» የሚለው ስም ግን ያሳስታል። «ኤሮቢክ» ሲባል ግሉኮሱ በኦክስጅን የሚቃጠል ይመስላል። ትርጉሙ ግን ኦክስጅን በበቂ እያለ ሴሉ አብዛኛውን ግሉኮስ ወደ ላክቴት (ላክቲክ አሲድ) ቀይሮ ያስወጣል ማለት ነው።

አንቲጅን (ቲ ሴሉ ለይቶ የሚያውቀው ቁራጭ፣ ለምሳሌ ከጀርም የመጣ) ያላገኘ ቲ ሴል ቁጥብ ነው፤ የሚወስደውን ጥቂት ነዳጅ በሚቶኮንድሪያ (በኦክስጅን ኃይል በሚያመርተው የሴሉ ክፍል) ይጨርሰዋል። በሴሉ ገጽ ላይ ያለው ተቀባይ አንቲጅን ሲይዝና ሲዲ28 የተባለው አጋዥ ተቀባይ አብሮ ሲነቃ ግን ምልክት አስተላላፊዎቹ ፕሮቲኖች ፒአይ3ኬ፣ ኤኬቲና ኤምቶር ተከታትለው ይነሳሉ። ግሉት1 የተባለው የግሉኮስ በር በሴሉ ገጽ ላይ ይበዛል፤ ሚክ የተባለው ጂኖችን የሚያነቃ ፕሮቲን ደግሞ የግላይኮሊሲስ ኢንዛይሞችን ያበራክታል። ከአንድ ግሉኮስ የሚተርፈው 2 ኤቲፒ (የሴል የኃይል ሞለኪውል) ብቻ ነው፤ በሚቶኮንድሪያ ቢሆን ወደ 30 ይደርስ ነበር። ይህ ግን ብክነት አይደለም። ፍሰቱ ፈጣን ስለሆነ ከመንገዱ ላይ ለኑክሊዮታይድና ለአሚኖ አሲድ (ለዲኤንኤና ለፕሮቲን ጡቦች) መሥሪያ ካርቦን ይወሰድለታል፤ ለመከፋፈል የተነሳ ሴል ይህን አጥብቆ ይፈልጋል። ሚቶኮንድሪያውም አይዘጋም፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

ሁሉም ቲ ሴል እንዲህ አይደለም። ተቆጣጣሪዎቹ (የመከላከል ምላሹን የሚገቱት) እና የማስታወሻ ሴሎቹ (ያገኙትን አንቲጅን የሚያስታውሱት) ይበልጥ ወደ ሚቶኮንድሪያ ያዘነብላሉ። ሲዲ8 ሴሎችን (ገዳይ ቲ ሴሎችን) ካነቃቁ በኋላ አይኤል-2 በተባለው የሴል መልእክተኛ ፕሮቲን ቢያሳድጓቸው ግላይኮሊሲሱ ይቀጥላል፤ በሌላው መልእክተኛ በአይኤል-15 ግን የማስታወሻ ሴል ጠባይ ይይዛሉ። ፒዲ-1 የተባለው የቲ ሴሉ ማቆሚያ ተቀባይ ሲነቃ የሲዲ28 ምልክት ስለሚዳከም የግሉኮስ አወሳሰዱም ይቀንሳል።

በላቦራቶሪ ይህ በዓይን ይታያል። ፌኖል ሬድ (አሲድ ሲበዛ ቀለም የሚቀይር ማመልከቻ) ያለበት ቀይ ማሳደጊያ ፈሳሽ ሴሎቹ በተነቁ በጥቂት ቀናት ወደ ቢጫ ይዞራል። ተበክሏል ብለው ከመጣልዎ በፊት በማይክሮስኮፕ ይዩት፤ ባክቴሪያ ከሌለና ሴሎቹ ተሰባስበው እየበዙ ከሆነ አሲዱ ከራሳቸው የወጣ ነው። ያኔ ከፋፍለው ትኩስ ፈሳሽ ይጨምሩ፤ ከቆየ ግሉኮሱ ያልቃል፣ አሲዱም ዕድገታቸውን ያቀዘቅዛል።