የታዳጊ ልጆች ወላጆች ሥልጠና በደንብ መሰጠቱ እንዴት ይመዘናል?

ልጅ ጉርምስና ላይ ሲደርስ ብዙ ወላጅ ግራ ይገባዋል። ለዚህ ተብለው የተዘጋጁ ሥልጠናዎች አሉ። ወላጆች በቡድን ተሰብስበው ልጅን ማመስገን፣ ቁጣን ማብረድና ሳይጮኹ መነጋገር ይለማመዳሉ። ቤተሰቡ ተለወጠ ወይ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ሥልጠናው እንደታሰበው ተሰጠ ወይ የሚለው ሌላ ነው። የአሰጣጥ ምዘና የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። ይህ ካልታየ፣ ውጤት ሲጠፋ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ይሁን የአሰጣጡ መለየት አይቻልም።

ዴን እና ሽናይደር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1998 እ.ኤ.አ. ምዘናውን አምስት ቦታ ከፈሉት፤ መመሪያውን መከተል፣ የተሰጠው መጠን፣ የአሰጣጥ ጥራት፣ የተሳታፊዎች ተሳትፎ፣ እንዲሁም ሥልጠናው ከሌሎች መለየቱ። መጠኑን መቁጠር ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆነው የጀመሩት «ፓረንቲንግ ፎር ላይፍሎንግ ሄልዝ» ለታዳጊዎችና ለወላጆቻቸው ያዘጋጀው ሥልጠና 14 ክፍለ ጊዜ አለው። አንድ ቤተሰብ አራቱን ብቻ ከተገኘ ሥልጠናውን ወስዷል ለማለት ይከብዳል።

ከባዱ ጥራቱ ነው። ብዙዎቹ ሥልጠናዎች የሚጀምሩት ያለፈውን ሳምንት የቤት ሥራ በማየት ነው። አንዲት እናት እንዲህ አለች እንበል፦ «ልጄን አመሰገንኩት። ‹ምን ፈልገሽ ነው?› አለኝ።» አንዱ አመቻች፣ ማለትም ቡድኑን የሚመራው ሰው፣ «አይዞሽ፣ ቀጥይበት» ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሌላው «ምን ብለሽ ነበር ያመሰገንሽው? እስቲ እዚሁ አሳይን» ይላል። ሌላ ወላጅ የልጁን ቦታ ይዞ ይሞክሩታል። የተሠራው ሁሉ ምልክት በሚደረግበት ቼክሊስት ላይ «የቤት ሥራ ታይቷል» የሚለው ሳጥን ለሁለቱም ምልክት ይደረግበታል። ያቺ እናት ግን ከሁለተኛው አመቻች ተምራ ወደ ቤቷ የምትወስደውን ከመጀመሪያው አታገኝም። ለእኔ የምዘናው ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ነው ጠንቃቃ ፕሮግራሞች ክፍለ ጊዜውን በቪዲዮ ቀርጸው በሠለጠነ ሰው የሚያስመዝኑት፤ ተሳታፊዎቹ ሲፈቅዱ ብቻ ነው ታዲያ። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት በተጀመረው የወላጆች ሥልጠና መዛኙ አመቻቹን በአምስት ነገሮች ያየዋል፦ እውቀት፣ የክፍለ ጊዜው አመራር፣ የማስተማር ችሎታ፣ ከሰው ጋር የመግባባት ችሎታና አጠቃላይ ብቃት። ነጥቡ ከ1 እስከ 9 ነው። አመቻቾች ራሳቸው የሚሞሉት ቅጽ ርካሽ ነው፤ ግን ሰው ለራሱ ነጥብ ሲሰጥ ከተመልካች በላይ መስጠት ይቀናዋል። መዛኞችም ይሳሳታሉ። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አንዱን ቪዲዮ ለየብቻ ይመዝናሉ። ስምምነታቸው በአጋጣሚ የመጣ እንዳይሆን ካፓ በሚባል ቀመር ይሰላል፤ የሥነ ልቦናና የስታቲስቲክስ ባለሙያው ጃኮብ ኮኸን በ1960 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው።

የታዳጊዎች ሥልጠና አንድ ተጨማሪ ፈተና አለው፤ በአንዳንዶቹ ልጆቹም ክፍሉ ውስጥ ናቸው። ወላጆቹ ሞቅ ብለው ሲያወሩ ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ከተቀመጡ፣ መዛኙ ይህን መያዝ አለበት። አመቻቹ ለልጁ ዞሮ «አንተስ እንዴት አየኸው?» ይላል ወይ? ልጁ ሲናገር እናቱ ብታቋርጠው ምን ያደርጋል?

ነጥቡ ደግሞ ፋይል ውስጥ ታሽጎ መቅረት የለበትም። አመቻቾችን የሚያሠለጥነው ሰው ከአመቻቹ ጋር ቁጭ ብሎ ቪዲዮውን ያያል። ያቺ እናት የተናገረችበት ቦታ ላይ ያቆመዋል። «እዚህ ጋ ምን ብትጠይቃት ጥሩ ነበር?» ይለዋል። አመቻቹ መልሱን በቃል ብቻ አይናገርም፤ ተነስቶ ይሞክረዋል።